ሬጉሌተሩን ከመግዛትህ በፊት ግፊቱን ለካ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 2004 ሞዴል ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ አለኝ። ከቱርቦው የሚወጣውን የጭስ ቧንቧ፣ ዳውንፓይፑን፣ ቀይሬያለሁ፤ ባለ 255 ሊትር የቤንዚን ፓምፕም አስገብቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ቱን አስደርጋታለሁ፤ ኮምፒውተሯን አስተካክላለሁ ማለቴ ነው። አንድ ጓደኛዬ ‹ቱርቦ መኪና በኦሪጅናሉ የነዳጅ ግፊት ሬጉሌተር አይነዳም፤ የሚስተካከለውን ካላስገባህ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ› ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ሁለት ልግዛ። አንዱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በሰው እጅ እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ 2008 ሞዴል ያሪሱ ላይ፣ ባለ 1.5 ሞተሩ ናት፣ ቱርቦ ሊያስገጥም ነው።»

ወንድሜ፣ ላንተ መኪና አያስፈልግም። የወንድምህ ነገር ሌላ ነው፤ በኋላ እመጣበታለሁ። ሁለቱን መኪኖች በአንድ ዓይን ካየናቸው ግን ወይ ያንተ ገንዘብ ይባክናል፣ ወይ የእሱ ፒስቶን ይቀልጣል።

መጀመሪያ ይህቺ ዕቃ ምን እንደምትሠራ እንይ። ኢንጀክተሮቹን የሚመግበውን ቧንቧ ሬይል እንለዋለን። መኪናህ ላይ ቤንዚኑ ሬይሎቹን ጨርሶ ሲወጣ ከእንቁላል የማትበልጥ ቆርቆሮ ነገር ያገኛል። ሆዷ በስስ ተለጣጭ ሽፋን፣ በዲያፍራም፣ ለሁለት ተከፍሏል። ባንዱ በኩል ቤንዚን አለ፣ በሌላው በኩል ሞላ። ፓምፑ የሚገፋው ቤንዚን ሞላውን ሲያሸንፍ ቀዳዳ ይከፈትና ትርፉ በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮ፣ ማለት ወደ ነዳጅ ታንኩ፣ ይመለሳል። ሞላው ሲያሸንፍ ቀዳዳው ይዘጋል። በቃ ይኸው ነው። ሽቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው።

ብልሃቱ ያለው በሞላው በኩል ነው። ከዚያ አንዲት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወጥታ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ ትሰካለች። ለምን መሰለህ? ኢንጀክተር በር ነው። ኮምፒውተሩ በሩን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይከፍትና ይዘጋል። ስንት ቤንዚን እንደገባ ግን አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጊዜውን ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ የሚገባውን መጠን የሚወስነው በበሩ ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ከኋላ ሬይሉ ይገፋል። ከፊት ማኒፎልዱ አለ። ቱርቦው አየር ሲሞላ ማኒፎልዱ መልሶ ይገፋል።

በቁጥር እንየው። ሬይሉ 3 ባር ነው እንበል፤ በሌላው የግፊት መለኪያ 43.5 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ቱርቦው 1 ባር ሲነፋ፣ ያቺ ቱቦ ባትኖር፣ ለኢንጀክተሩ የሚተርፈው 2 ባር ብቻ ነው። የሚገባው ቤንዚን 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩ ቤንዚን አብዝቶ በሚፈልግባት ሰዓት ማለት ነው። ቱቦዋ ስላለች ግን ያ 1 ባር ሞላውን ያግዘዋል። ሬይሉ ወደ 4 ባር ይወጣል። ልዩነቱ 3 እንደሆነ ይቆያል። በሚኒሞ፣ ማለት ቤንዚን ሳትረግጥ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ፣ ደግሞ ማኒፎልዱ ይስባል እንጂ አይገፋም። ሬይሉ ወደ 2.3 ባር አካባቢ ይወርዳል። ልዩነቱ አሁንም ያው 3 ነው።

ሱባሩ መኪናህን ሲሠራ ከነቱርቦዋ ነው የሠራት። ይህን ሥራ የሚሠራ ሬጉሌተርም ከፋብሪካ ይዛ መጥታለች። ስለዚህ የጓደኛህ አባባል ግማሹ ልክ ነው። ቱርቦ ስለሆነች ሬጉሌተር ያስፈልጋታል። አላት።

ታዲያ ሰማያዊና ቀይ ቀለም የተቀባው፣ መለኪያ የተሰካበት፣ ገበያ ላይ ያለው ሬጉሌተር ምን ይጨምራል? ሁለት ነገር። የሞላውን ጥንካሬ የምትቀይርበት ቡሎን አለው፤ 3 ባሩን 3.5 ወይም 4 ልታደርገው ትችላለህ። የመመለሻ ቀዳዳውም ሰፊ ነው። የቀረው ቀለም ነው።

ሰው የሚማረከው በቡሎኑ ነው። «ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ቤንዚን ልጨምርላት» ይላል። ችግሩ በኢንጀክተር የሚያልፈው ቤንዚን ከግፊቱ ጋር እኩል አያድግም። የሚያድገው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ከ3 ወደ 4 ባር ብትወጣ ግፊቱ በሲሶ ጨምሮ ቤንዚኑ የሚጨምረው 15 በመቶ ብቻ ነው። ቤንዚኑን እጥፍ ለማድረግ 12 ባር ያስፈልግሃል። እዚያ ሳትደርስ ፓምፑ ይዝላል። ፓምፕ ግፊት ሲበዛበት የሚያመጣው መጠን ይቀንሳልና። ያንተ ፓምፕ ላይ የተጻፈው 255 ሊትር በሰዓት የተለካው በ3 ባር አካባቢ ነው። 5 ባር ላይ ያንን ቁጥር አትጠብቅ።

ሌላም አለ። የመኪናህ ኮምፒውተር ሒሳቡን የሚሠራው ልዩነቱ 3 ባር ነው ብሎ ነው። አንተ ቡሎኑን ስታጠብቅ የሚነግረው የለም። ቀስ ብለህ ስትነዳ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያየ ያርመዋል። ሙሉ ስትረግጥ ግን ሴንሰሩን ጥሎ አስቀድሞ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ይሄዳል። ስለዚህ ቱነርህ ያላወቀው ግፊት መኪናህ ላይ እንዳይኖር። ኢንጀክተሮቹ ካነሱ ደግሞ መድኃኒቱ ትልቅ ኢንጀክተር ነው። ቱነሩ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን፣ ሎጉን፣ ሲያይ ኢንጀክተሮቹ ከ85 በመቶ በላይ ክፍት ሆነው የሚቆዩ ከሆነ ራሱ ይነግርሃል። ያኔ ቡሎን አጠብቄ ልለፍ ካልክ የችግሩን ቦታ ነው የቀየርከው።

ቀዳዳው ግን ቁም ነገር አለው። የሚስተካከል ሬጉሌተር በሐቀኝነት የሚያስፈልግበት ምክንያት ካለ በብዛት እሱ ነው።

ባለ 2 ሊትር ሞተር በሚኒሞ ቆሞ የሚያቃጥለው በሰዓት 1 ሊትር፣ ቢበዛ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ፓምፕህ በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ 250 ሊትር ያመጣል። የቀረው 249 የት ይግባ? ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ መመለስ አለበት። እናትህ ቤት ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስብ። የትርፍ መውጫ ቱቦው ቀጭን ነው። በትንሽ ፓምፕ ሲሞላ ይበቃዋል። ትልቅ ፓምፕ ስታስገባ ውሃው ከመውጫው አቅም በላይ ይሆንና ክዳኑን ገፍቶ ይፈሳል። ሬይሉ ክዳን የለውም። ስለዚህ ግፊቱ ይወጣል፤ 3 ባር መሆን ያለበት 3.5፣ 4 ይሆናል።

ምልክቱ ሰው ግራ ያጋባል። ሙሉ ስትረግጥ መኪናዋ ደህና ናት፤ ሞተሩ ትርፉን ስለሚበላው። በሚኒሞና በዝግታ ግን ቤንዚን ይበዛባታል። ማርሚታው ይሸታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል። ይህን ያየ ሰው ኢንጀክተር ያሳጥባል፣ ሴንሰር ይቀይራል። ጥፋቱ ግን የቀዳዳዋ ነው።

ያንተ ሱባሩ እዚህ ላይ አንድ ዕድል አላት። ለፓምፑ የሚሄደውን ኃይል እንደ ሞተሩ ፍላጎት በሦስት ደረጃ የሚቆርስ የመቆጣጠሪያ ሳጥን አለ። በሚኒሞ የሚሰጠው ሲሶውን ያህል ነው። ስለዚህ 255ህ በሚኒሞ 255 አይደለም። በዚህ ምክንያት ኦሪጅናሉ ሬጉሌተር ከዚህ ፓምፕ ጋር በብዙዎቹ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። አንዳንድ ጋራዥ ግን ፓምፕ ሲቀይር ያንን ሳጥን አልፎ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ይስብለታል። ያንተን የቀየረልህን ሰው ይህንን ጠይቀው። በቀጥታ ከሆነ የሮቶው ታሪክ ያንተም ሊሆን ይችላል።

አሁን ግምቱን እንተውና እንለካ። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ከመለዋወጫ መደብር በውሰት ሳይቀር ይገኛል፤ አሜሪካ ነህና ተጠቀምበት። ወደ ሬይሉ በሚገባው ቱቦ ላይ በቲ፣ ማለት ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ፣ ሰካው። ሞተሩን አስነሣና በሚኒሞ ተወው። ከሬጉሌተሩ ላይ ቀጭኗን ቱቦ ነቅለህ ጫፏን ድፈን። የሱባሩ የጥገና መጽሐፍ ለመኪናህ የሚለው ከ41 እስከ 46 ፒኤስአይ ነው። ቱቦዋን መልሰህ ስትሰካ ከ30 እስከ 34 ይወርዳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ካገኘህ ሬጉሌተርህም ጤነኛ ነው፤ ቀዳዳዋም ለአዲሱ ፓምፕ በቅታለች። ቱቦዋ ተነቅላ 50 እና ከዚያ በላይ ካነበብክ ደግሞ ቀዳዳዋ አልበቃችም ወይም መመለሻ ቱቦው ታጥፏል። መመለሻውን አስቀድመህ እይ። ነፃ ነው።

ቱቦዋን ስትነቅል አሽትታት። ውስጧ ቤንዚን ካለ ዲያፍራሙ ተቀዷል፤ ሞተሩ ጥሬ ቤንዚን እየጠጣ ነው። ያኔ ሬጉሌተር ቀይር። ኦሪጅናሉን ዓይነት ብትገዛ ግን ይበቃሃል።

ሦስተኛው ቁጥር መንገድ ላይ ነው የሚገኘው። ቱርቦው 14 ፒኤስአይ ሲነፋ ሬይሉ 57 አካባቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ላንዱ እየጨመረ። እዚህ ላይ አደራ ልበልህ። ቤንዚን ያለበትን ቱቦ ስበህ መኪናው ውስጥ አታስገባ። የድሮ መካኒኮች መለኪያውን ከውጭ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ነበር የሚነዱት። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሴንሰር አለ። ግፊቱ ከቱርቦው ጋር ጀምሮ ከፍ ካለ በኋላ በከፍተኛ ዙር ላይ እየወረደ ከሄደ ጥፋቱን ሬጉሌተሩ ላይ አትፈልግ። ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ያንሳል። ሬጉሌተር ግፊት አይፈጥርም። ያፈሳል እንጂ። ፓምፑ ያላመጣውን የትኛውም ቡሎን አያመጣውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ እንዳንተው ዓይነት መኪና ይዞልኝ መጣ። ሙሉ ስትረገጥ ሞተሯ ያንኳኳል፤ ቤንዚን ሲያንሳት ድብልቁ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስቶኑን ይደበድባል ማለት ነው። ከእኔ በፊት ያያት ጋራዥ የሚስተካከል ሬጉሌተር ሸጦለታል። አልተሻላትም። ፓምፕ ጨመሩለት። ያው ናት። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህ ነው። መለኪያ ሰክተን ወጣን። ቱርቦው ሲነፋ ግፊቱ 43 ላይ ደርቆ ቀረ። ቀጭኗን ቱቦ እየዳሰስኩ ተከተልኳት። ማኒፎልዱ ሥር ከጀርባዋ ተሰንጥቃለች። በሚኒሞ ሲስባት ስንጥቁ ይገጥማል፤ ስለዚህ ቆማ ስትለካ ደህና ትመስላለች። ሲነፋባት ይከፈታል። የሁለት ዶላር ቱቦ ናት። ልጁ ፒስቶኑ ሳይቀልጥ ደርሶ ነው እንጂ ታሪኩ ሌላ ነበር። ስለዚህ አንተም ማንኛውንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ያቺን ቱቦ ቀይርና በሁለት ጫፏ እሰራት። የቡስት መለኪያም ሆነ ሌላ ነገር ከእሷ ላይ አትቀጥል። ለብቻዋ ትኑር።

ጓደኛህ ግን ይህን ከየት አመጣው? ውሸታም አይደለም። የሆነ ዘመን እውነት ነበረ። በካርቡራተር ዘመን ቱርቦው በካርቡራተሩ ላይ አየር ሲነፋበት፣ ከ5፣ ከ6 ፒኤስአይ የማይበልጠውን የቤንዚን ግፊት አየሩ ያሸንፈዋል። ጽዋው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ከቱርቦው ጋር አብሮ የሚወጣ ሬጉሌተር ግዴታ ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ወጣቱ ሁሉ ሆንዳ ሲቪክ ላይ ቱርቦ ይገጥም ነበር። ያኔ ኮምፒውተሩን እንደልብ ማስተካከል ውድ ነበር። ስለዚህ ቱርቦው በጨመረ ቁጥር የሬይሉን ግፊት አሥራ ሁለት እጥፍ የሚጨምር ልዩ ሬጉሌተር ይሸጡላቸው ነበር። 6 ፒኤስአይ ሲነፋ 72 ይጨምራል ማለት ነው፤ ሬይሉ 115 ይገባል። ኢንጀክተሩ በዚያ ግፊት መከፈት ያቅተዋል፤ ፓምፑ ይጮኻል። አንዳንዱ ዓመት ሠርቷል፤ ብዙው ፒስቶኑን አቅልጧል። ዛሬ ኮምፒውተሩን በላፕቶፕ በሚያስተካክሉበት ጊዜ ወደዚያ የሚመልስ ምክንያት አይታየኝም።

የአንተ መኪና ወደፊት ብትለወጥስ? ባለ 340 ወይም 450 ሊትር ፓምፕ ካስገባህ፣ ወይም ከቤንዚን በመጠን 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ወደሚፈልገው ኢ85 ኤታኖል ከገባህ፣ ያኔ ሰፊ ቀዳዳ ያስፈልግሃል። ግዛ፤ እኔም እገጥምልሃለሁ። ስትገዛ ፎርጅዱን ተጠንቀቅ። የታወቁ ሬጉሌተሮችን መስለው የተሠሩ፣ ዲያፍራማቸው ከርሞ የማይደግም ሞልተዋል። ስታስተካክለው ቱቦዋን ነቅለህ፣ በሚኒሞ፣ 43.5 ላይ አድርገህ ነው መቆለፍ ያለብህ። ቱቦዋ እንደተሰካች 43.5 ያደረገ ሰው መሠረቱን 52፣ 53 አድርጎታል፤ ኢንጀክተሩ በሁሉም ቦታ 10 በመቶ ገደማ ያበዛል። ሬጉሌተሩ ላይ የሚሰካው ፈሳሽ የተሞላ ትንሽ መለኪያም ሞተር ሲሞቅ ይዋሻል። ጠዋት በቀዝቃዛው አንብበው።

አንድ ነገር በአጭሩ ልበል፤ ሌላም አንባቢ ስላለ። ከ2015 ወዲህ ያለው ደብሊውአርኤክስ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። ግፊቱ ከመቶ ባር በላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያዘዋል። ይህ ሁሉ ወሬ እዚያ ከፍተኛ ግፊት ላይ አይሠራም። አገር ቤት ሰው ቱርቦ ሲል የሚያስበው ሃይሉክሱን፣ ዲፎርዲውን ነው። እሱ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ላይ ይህን ሬጉሌተር ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ወደ ያሪሱ እንሂድ።

ወንድምህን አልፈርድበትም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችውን ማሞላቀቅ ነው የቀረው። ያሪሱ ላይ ያለው 1ኤንዜድ ሞተር ግን ከያንተ በጣም ይለያል። መመለሻ ቱቦ የለውም። ሬጉሌተሩ ከፓምፑ ጋር ታንኩ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ግፊቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ። ማኒፎልዱ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። ቱርቦ ስላልነበረው ማወቅ አላስፈለገውም።

ስለዚህ አንተ የምትልክለትን ሬጉሌተር ወስዶ ሞተሩ ጋ ቧንቧው መሐል ቢሰካው ምን ይሆናል? ምንም። ታንኩ ውስጥ ያለው አስቀድሞ በ3.2 ባር ያፈሰዋል። 4 ላይ የተስተካከለው የውጭው ሬጉሌተር 4 አይቶ አያውቅም፤ አይከፈትም። የሚመልስበት ቱቦም የለውም። ያማረ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ያ ማለት ያሪሱ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ግማሽ ባር፣ 7 ፒኤስአይ ይነፋል እንበል። ከ3.2 ላይ 0.5 ሲቀነስ 2.7 ነው። ኢንጀክተሩ 8 በመቶ አቅም ያጣል። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ከፍታው ነው፤ እሱም መጀመሪያ ወዳጅ መስሎ ነው የሚመጣው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ፣ ጅቡቲ ወደብ፣ 101 ነው። ያሪሷ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ ስትረገጥ የምታገኘው 77ቱን ነው። ቱርቦው 50 ሲጨምርላት 127 ትሆናለች። ከዛሬዋ 65 በመቶ ይበልጣል። ወንድምህ «አውሮፕላን ሆነች!» ብሎ ይደውልልሃል። ፋብሪካው ለባሕር ዳርቻ ካሰበው 101 ጋር ስታወዳድረው ግን ጭማሪው ሩብ ነው። ኦሪጅናሎቹ ኢንጀክተሮች እዚያች ሩብ ላይ ይንገዳገዳሉ እንጂ ወዲያው አይወድቁም። መኪናዋ ቦሌ መንገድ ላይ ወራት በሰላም ትከርማለች።

ከዚያ አንድ ቀን ድሬዳዋ ሠርግ አለ ይባላል። መተሐራ ከባሕር ጠለል 950 ሜትር ገደማ ነው፤ ግፊቱ 90 ያህል። የቱርቦውን ንፋት የሚገድበው በር፣ ዌስትጌቱ፣ በሞላ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እዚያም የሚጨምረው ያንኑ 50 ነው። 140 ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ከነበረው 10 በመቶ ይበልጣል። የቆላው ሙቀት አየሩን ትንሽ ያሳሳዋል፤ ያው ሙቀት ግን ማንኳኳትን ይጠራል። ሞተሩ 10.5 ለ1 ነው የሚጨምቀው፤ ያንተ ሱባሩ 8 ለ1 ነው። ፋብሪካ ቱርቦ ሞተር ላይ ያንን ቁጥር የሚያወርደው ለጨዋታ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አለቀብኝ ሳይል የኖረው ኢንጀክተር እዚያ ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ ያልቃል። ፒስቶኑ የሚቀልጠውም እዚያ ነው፤ ጋራዥ ከሌለበት ሜዳ ላይ።

ለእሱ የማየው መንገድ ሁለት ነው። በግማሽ ባር የሚቆም ከሆነ የታንኩን ሬጉሌተር አይንካ። ትላልቅ ኢንጀክተር ያስገባ፣ ፓምፑን ያሳድግ፤ ከሁሉ በላይ ግን የማኒፎልዱን ግፊት አይቶ የኢንጀክተሩን ጊዜ ራሱ የሚያሰላ ኮምፒውተር ይኑረው። ኮምፒውተሩ ልዩነቱ 2.7 እንደሆነ ካወቀ በሩን ትንሽ አርዝሞ ይከፍታል። እኔ ብሆን የምመርጠው ይህንን ነው። ወደ 1 ባር እሄዳለሁ ካለ ግን የታንኩን ሬጉሌተር አውጥቶ፣ መመለሻ ቱቦ ከሞተር እስከ ታንክ ዘርግቶ፣ ሞተሩ ጋ ከማኒፎልድ ጋር የተያያዘ ሬጉሌተር መግጠም አለበት። ያም ቢሆን የሚያብረቀርቀው አያስፈልገውም። ከሌላ ቱርቦ መኪና የወጣ ጤነኛ ባለ 3 ባር ኦሪጅናል ይበቃዋል። ቱቦውንና ማሰሪያውን ግን አይቆጥብ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ መኪና ከሚያንኳኳ መኪና ይከፋል።

አዲስ አበባ ላሉ መካኒኮች አንድ ነገር ልጨምር። መመለሻ ቱቦ ያለው መኪና ስትለኩ ቱቦዋ ተነቅላ የሚነበበው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው፤ መለኪያውም የሚያነበው ካካባቢው አየር አንጻር ስለሆነ። ቱቦዋ ስትሰካ ግን መጽሐፉ የሚለው ድረስ አይወርድም። የአዲስ አበባ አየር ራሱ ሳሳ ስላለ በሚኒሞ ያለው ስበት በመለኪያ ሲታይ ያንሳል። ሱባሩ ላይ ከ30 እስከ 34 የተባለው እናንተ ጋ 37፣ 38 ሊሆን ይችላል። ይህን አይቶ «ሬጉሌተሩ ሞቷል» ብሎ ሶማሌ ተራ የሚሮጥ ሰው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ሮጫለሁ።

ስለዚህ ለወንድምህ በሰው እጅ የምትልከው ካለ፣ ሬጉሌተሩን ተውና ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር ከነመለኪያው ላክለት። ቱርቦው ሲነፋ ቁጥሩ፣ ማለት በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን የሚገባው አየር፣ 11.5፣ 12 አካባቢ ካልሆነና ወደ 13፣ 14 መውጣት ከጀመረ እግሩን ያንሣ። መተሐራ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ይመልከተው። አንተ ደግሞ ቅዳሜ ለካና ሦስቱን ቁጥሮች ጻፍልኝ፦ ቱቦዋ ተነቅላ፣ ቱቦዋ ተሰክታ፣ ሙሉ ተረግጦ።